የፋስት ፉድ ቺፕስ፦ ከየት ይመጣል፣ ውስጡ ምን አለ፣ እቤትስ እንዴት ይወጣል

አሜሪካ ያለ ጾመኛ ድራይቭ ስሩ (ከመኪና ሳይወርዱ የሚያዙበት መስኮት) ላይ መኪናውን አቁሞ «ሌላው ቢቀር ቺፕሱ የጾም ነው፤ ድንችና ዘይት» ብሎ ያዛል። የማክዶናልድስ ከሆነ የጾም አይደለም። ኩባንያው ራሱ ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው ዝርዝር ላይ «የተፈጥሮ የበሬ ጣዕም» የሚባል ነገር አለ፤ ሲሠራም መነሻው ስንዴና ወተት መሆኑ እዚያው ተጽፏል። የዚሁ ኩባንያ ቺፕስ እንግሊዝ አገር ሲሸጥ ግን ወተትም ሆነ የበሬ ጣዕም የለውም። ስለዚህ ስሙን አይቶ መፍረድ አያዋጣም፤ የየአገሩን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ዝርዝሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ምን ይሠራል?

የአሜሪካው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ ድንች፣ የአትክልት ዘይት (ካኖላ፣ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ሃይድሮጂን የገባበት አኩሪ አተር)፣ የተፈጥሮ የበሬ ጣዕም፣ ዴክስትሮስ፣ ሶዲየም አሲድ ፓይሮፎስፌት፣ ጨው። የእንግሊዙ አጭር ነው፦ ድንች፣ የሱፍና የካኖላ ዘይት፣ ዴክስትሮስ። ጨው የሚነሰነሰው ከተጠበሰ በኋላ ነው።

ዴክስትሮስ ማለት ግሉኮስ ነው፤ የገባውም ለጣፋጭነት ሳይሆን ለቀለም ነው። የአንዱ ድንች ስኳር ከሌላው ይለያል፤ ከጎተራ ቆይቶ የወጣው ደግሞ ከአዲሱ የበለጠ ስኳር አለው። እንዲሁ ቢጠበሱ በአንድ ሣህን ላይ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ የከሰለ ይሆናል። ፋብሪካው በመጀመሪያ የድንቹን የራሱን ስኳር በሙቅ ውሃ አጥቦ ይቀንስና የተመጠነ ስኳር ባለበት ውሃ ነክሮ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል። እንግሊዝ አገር ዴክስትሮሱ የሚጨመረው በአብዛኛው አዲሱ ምርት በሚገባበት ሰሞን መሆኑም ለዚህ ነው፤ አዲስ ድንች ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ወርቃማ ቀለም አያወጣም።

ሶዲየም አሲድ ፓይሮፎስፌት (አውሮፓ ውስጥ ኢ 450 ከሚባሉት አንዱ) የግራጫነት መከላከያ ነው። የተቀቀለ ድንች አድሮ ሲጠቁር አይታችሁ ይሆናል፤ ይህ የሚሆነው ድንቹ ውስጥ ያለው ብረት ክሎሮጄኒክ አሲድ ከሚባል ነገር ጋር ተጣብቆ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ፎስፌቱ ብረቱን ቀድሞ ይይዘዋል። እቤት ውስጥ ለዚህ ሥራ አቼቶ ይበቃል።

የበሬው ጣዕም ታሪክ አለው። ማክዶናልድስ እስከ 1990 ቺፕሱን የሚጠብሰው በአብዛኛው የበሬ ሞራ፣ በትንሹ ደግሞ የጥጥ ፍሬ ዘይት በተቀላቀለበት ስብ ነበር። ስለ ኮሌስትሮል የተነሣው ወቀሳ ሲበረታ ወደ አትክልት ዘይት ዞረ፤ ሰው የለመደው ጣዕም እንዳይጠፋ ግን የበሬ ጣዕም ጨመረ። ሥጋ የማይበሉ ሰዎችና ሂንዱዎች በ2001 ከሰሱት፤ ኩባንያው በ2002 ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአትክልት ዘይት የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነበር፤ ያልተነገረው ሌላው ነው። ዝርዝር ስታነቡ «በምን ዘይት ተጠበሰ» የሚለውንና «ድንቹ ላይ ምን ተጨመረ» የሚለውን ለያይታችሁ ጠይቁ።

ፍራየሩ (የቺፕስ መጥበሻው) ውስጥ ያለው ዘይት የራሱ ዝርዝር አለው። ብዙ ጊዜ ዳይሜቲልፖሊሲሎክሴን (ኢ 900) ይገኝበታል፤ ይህም አረፋ እንዳይነሣ የሚጨመር የሲሊኮን ዓይነት ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ መጠኑ በአሜሪካ ሕግ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም። ቺፕሱ ላይ ከሚነሰነሰው ጨው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሥጋት ካላችሁ ስለ ጨውና ስለ ስቡ ብታስቡ ይሻላል፦ አሜሪካ ውስጥ አንድ መካከለኛ የማክዶናልድስ ቺፕስ 320 ካሎሪና 15 ግራም ያህል ስብ አለው።

ሌሎቹ ጋ ነገሩ ይለያያል። በርገር ኪንግ በ1997 ቺፕሱን በስስ የስታርች ሽፋን ለብጦ አቀረበ፤ ሽፋኑ ሙቀትና ቀርጨጭ ማለቱን ያቆይለታል። ዛሬ ሽፋን ያለው ቺፕስ በብዙ ቤት አለ። ሽፋኑ ከሩዝ ዱቄት፣ ከድንች ስታርች፣ አንዳንዴም ከስንዴ ስለሚሠራ ስንዴ የማይስማማው ሰው መጠየቅ አለበት። ፋይቭ ጋይስ ጥሬ ድንች እዚያው ከትፎ በኦቾሎኒ ዘይት ይጠብሳል፤ ለጾመኛ መልካም፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት አደገኛ። ኢን-ኤን-አውትም ጥሬውን እዚያው ይከትፋል፤ ዘይቱ ሱፍ ነው።

ካሸር ፊት ቆማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ወተት አለበት?» እና «ዶሮና ዓሣ በዚሁ ዘይት ይጠበሳል?» የመጀመሪያውን ካሸሩ ላያውቀው ስለሚችል የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የአለርጂ ሠንጠረዡን ክፈቱና «ወተት» በሚለው ዓምድ ሥር እዩ። ሁለተኛውን ግን ከቅርንጫፉ በቀር የሚመልስላችሁ የለም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ፍራየር ሲኖረው ሌላው ላይኖረው ይችላል።

ድንቹ የየት ነው?

አሜሪካ ውስጥ ብዙው ከአይዳሆና ከዋሽንግተን ግዛት፣ ካናዳ ውስጥ ከኒው ብረንዝዊክ፣ ከማኒቶባና ከአልበርታ ነው። አውሮፓ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ ይመራሉ። ሥመ ጥሩ ዝርያ ራሴት በርባንክ ነው፦ ረጅም፣ ቡናማና ሻካራ ልጣጭ ያለው። አውሮፓ ውስጥ ፎንታኔ፣ ኢኖቬተርና የድሮው ቢንቲ አሉ። ማክዶናልድስ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጥሬ ድንች እየላጠ ይጠብስ ነበር፤ በ1967 የኩባንያው መሪ ሬይ ክሮክ ከአይዳሆው ነጋዴ ጄ. አር. ሲምፕሎት ጋር እጅ ተጨባብጦ ወደ በረዶ ቺፕስ ዞረ። ዛሬ ገበያውን ከያዙት ውስጥ ሲምፕሎት፣ ላም ዌስተንና የካናዳው መኬይን ይገኛሉ።

እነዚህ ዝርያዎች የተመረጡበት ምክንያት ሁለት ነው። ረጅም ስለሆኑ ረጅም ቺፕስ ይወጣቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ውሃቸው ትንሽ፣ ስታርቻቸው ብዙ ነው። ዘይት ውስጥ ውሃው በእንፋሎት ሲወጣ ዘይት በቦታው ይገባል፤ ውሃ የበዛበት ድንች ብዙ ዘይት ጠጥቶ ልፍስፍስ ይላል። ለፋብሪካ የሚፈለገው ድንች ከክብደቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ደረቅ ነገር ያለው ነው።

አቀማመጡም እንደ ዝርያው ወሳኝ ነው። ድንች ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀመጥ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይራል። ለዚህ ነው የፋብሪካ ጎተራዎች ከ7 እስከ 10 ዲግሪ የሚይዙት፤ ጥሬ ድንች ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ቤትም ሳያውቀው የጠቆረ ቺፕስ እያዘጋጀ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ

ድንቹ ታጥቦ ድንጋይ ከተለየለት በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ኃይለኛ እንፋሎት ውስጥ ይገባና ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ልጣጩ ይፈነዳል። ቀጥሎ ያለው የሥራው ማራኪ ቦታ ነው፦ ድንቹ በቧንቧ ውስጥ በውሃ ኃይል ተወንጭፎ የተቀመጡ ስለቶች ፍርግርግ ላይ ያርፋል። ቢላዋው አይንቀሳቀስም፤ ድንቹ ነው የሚመጣለት። ረጅሙን ጎኑን ይዞ ስለሚያርፍ የሚወጣው ሁሉ ረጅም ነው። ይህን የውሃ መድፍ ላም ዌስተን በ1960 ያወጣው ሲሆን ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል።

ከዚያ ካሜራ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ይለያል፤ ቺፕሱ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ዴክስትሮሱንና ፎስፌቱን ይቀበላል፣ በሙቅ አየር ውሃው ከላዩ ይደርቃል፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በ180 ዲግሪ ዘይት ይጠበሳል። ቀለም ሳይዝ ይወጣና በኃይለኛ ቀዝቃዛ ነፋስ ይበርዳል። ካርቶን ውስጥ የገባው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንደሆነ ፍራየሩ ድረስ ይሄዳል፤ ቅርንጫፉ የሚያደርገው የመጨረሻውን 3 ደቂቃ ብቻ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ቺፕስ ለማውጣት ወደ 2 ኪሎ ድንች ይገባል፤ ልጣጩ፣ ስብርባሪውና ውሃው ይቀነሳሉ።

ቺፕስ እቤት የማይሳካው ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠበስ ነው። ውስጡ እስኪበስል ላዩ ይከስላል፤ ላዩ እንዳይከስል ከተጠነቀቁ ደግሞ ላዩ አይደርቅም።

እቤት፦ ድንች መምረጥ

አዲስ አበባ ገበያ ድንች በዝርያ ስም ስለማይሸጥ መፈተን ይሻላል። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ውስጥ ጉደኔ፣ ጃለኔና በለጠ የታወቁ ናቸው፤ ሻጩ ካወቃቸው ዕድለኛ ናችሁ። ካላወቀ በ1 ሊትር ውሃ 125 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ጥቂት ድንች ጣሉበት። የሰመጠው ስታርች የበዛበት ስለሆነ ለመጥበስ ይሆናል። የተንሳፈፈው ለወጥ ነው። የፈተናችሁትን ወዲያው በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

የሰመጠውም ስኳሩ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል አንዱን ከትፋችሁ በ175 ዲግሪ ዘይት 3 ደቂቃ ጥበሱ። ቡናማ ከሆነ የቀሩትን ጨለማና አየር ያለው ቦታ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት አቆዩአቸው፤ ስኳሩ በከፊል ወደ ስታርች ይመለሳል፣ ሌላውም ድንቹ ሲተነፍስ ያልቃል። አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ አረንጓዴው ከበዛ ድንቹን በሙሉ።

አሠራሩ፣ ለ4 ሰው

1.5 ኪሎ ድንች፣ 3 ሊትር ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 ሊትር ዘይት ያስፈልጋል።

ላጡና 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ክተፉ። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ስባሪውንና ጫፍ ጫፉን ለሾርባ ለዩት፤ ቀድሞ ይከስልና ዘይቱንም ያጠቁራል። ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ላዩ ላይ የቀረ ስታርች ነው ቺፕሱን እርስ በርስ የሚያጣብቀው።

ውሃውን፣ አቼቶውንና ጨዉን አፍልታችሁ ድንቹን ጨምሩ፤ እሳቱን ቀንሳችሁ እየተንተከተከ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 10 ደቂቃው ይስማማታል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ 8 ላይ እዩት። አቼቶው ሕዋሳቱን የሚያያይዘውን ፔክቲን ስለሚያጠነክረው ድንቹ በስሎም አይፈርስም። አንዱን በጭልፋ አንሥታችሁ ጫፉን ያዙት፤ ጎንበስ ብሎ ካልተሰበረ ደርሷል።

አጠንፍፉና ንጹሕ ፎጣ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። እንፋሎቱ እስኪያልቅ 15 ደቂቃ ይቆይ። እርጥብ ቺፕስ ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱ ይገነፍላል፣ ሙቀቱም ይወርዳል።

አዲስ ድንች ከሆነና ቀለም የማይዝ ከሆነ፣ ከመድረቁ በፊት በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም የግሉኮስ ዱቄት አሟሙታችሁ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት። የሻይ ስኳር ቢጨመር ያንን ሥራ አይሠራም፤ ቀለም የሚያወጣው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው።

ለመጀመሪያው ጥብስ ዘይቱን በጠሊቅ ብረት ድስት እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ፤ 180 ዲግሪ (በፋራናይት 356) ሲደርስ በአንድ ጊዜ 300 ግራም ብቻ ጨምሩ። ከ50 እስከ 60 ሰከንድ፤ ቀለም መያዝ የለበትም። ቴርሞሜትር ከሌለ ኩብ አድርጋችሁ የቆረጣችሁት ዳቦ በ1 ደቂቃ ወርቃማ ሲሆን ደርሷል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ አትድፉበት፤ ምድጃውን አጥፉና በክዳን ድፈኑት።

ቀዝቅዞ ሲያበቃ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ፍሪዘር ውስጥ ይደር። በማግስቱ በላስቲክ ሰብስባችሁ ዝጉ፤ 2 ወይም 3 ወር ይቆያል። የበረዶው ጥቅም ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፦ ውስጥ ያለው ውሃ ሲበርድ የድንቹን ሕዋስ ይሰነጥቃል፤ ሲጠበስ እንፋሎቱ ቶሎ ይወጣና ውስጡ ዱቄትማ፣ ላዩ ቀርጫጫ ይሆናል።

ለመጨረሻው ጥብስ በረዶው ሳይሟሟ ቀጥታ 175 ዲግሪ ዘይት ውስጥ ግባ ይባላል። ለ2 ሊትር ዘይት 250 ግራም በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ ከዚያ 3 ወይም 4 ደቂቃ። የአረፋው ጩኸት ሲቀንስ ውሃው እየወጣ አልቋል ማለት ነው። ቀለሙ ወርቃማ ቢጫ ሲሆን አውጡና ለ10 ሰከንድ አራግፉ፤ ለ500 ግራም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ወዲያው ነስንሱ። ሲቀዘቅዝ ጨው አይይዝም። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አትክተቱ፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ማንኛውም ቺፕስ፣ የማክዶናልድስም ቢሆን፣ ምርጡ ሰዓቱ አልፏል።

ሲበላሽ

ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ወይ ድንቹ ፍሪጅ አድሯል ወይ ዘይቱ ከ185 ዲግሪ አልፏል። ዘይት ከጠገበ ብዛት ጨምራችሁ ሙቀቱን ጥላችኋል፤ ይህ ስህተት ከሁሉ የበዛ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ከተሰባበረ ቅቅሉ አልፏል ወይ አቼቶው ተረስቷል። ወርቃማ ሆኖ ወዲያው ከለሰለሰ የመጀመሪያው ጥብስ ተዘሏል ወይም ድንቹ የሚንሳፈፈው ዓይነት ነው።

ማጥቆር ከጣዕም ያለፈ ነገር አለው። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 እንዳሳወቁት ድንች ውስጥ ያለው አስፓራጂን የሚባል አሚኖ አሲድ ከስኳር ጋር ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አክሪላማይድ ይፈጠራል፤ ይህም ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነው። ስኳር የበዛበት ድንችና ረጅም ጥብስ ያበዙታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ ለተጠበሰ ቺፕስ በኪሎ 500 ማይክሮግራም የመመዘኛ ልክ አስቀምጧል። እቤት የሚሠራው ቀላል ነው፦ በመጨረሻው ጥብስ ከ175 ዲግሪ አለማለፍ፣ ወርቃማ ላይ ማውጣት፣ የከሰለውን ለይቶ መጣል።

ዘይቱ

ለቺፕስ የረጋው የፓልም ዘይት ሙቀት ይችላል፤ ግን ግማሹ ያህል የሚረጋ ስብ ነው። ሱፍ ይቀላል፣ ለቤት ጥሩ ምርጫ ነው። ኑግን ለወጥ አስቀምጡት፤ ከአብዛኞቹ ዘይቶች በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ስላለው በተደጋጋሚ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ ሽታውም ይለወጣል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልሉትና ጨለማ ቦታ ክዳኑን ዘግታችሁ አስቀምጡ፤ የቀረው የድንች ፍርፋሪ ዘይቱን ከሚያበላሹት የመጀመሪያው ነው። ሲጠቁር፣ ሲዝለገለግ፣ ድንች ሳይገባ በራሱ አረፋ ሲያነሣ ወይም 175 ዲግሪ ሳይደርስ ሲጨስ በላዩ አዲስ ዘይት አትጨምሩበት፤ አሮጌው አዲሱን ያፋጥነዋል። ሲቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ መልሳችሁ ከቆሻሻው ጋር ጣሉት፤ መታጠቢያው ላይ ከደፋችሁት ቧንቧው ውስጥ ይረጋል።